የበሬ ሥጋ ክስ እኛንም ይመለከታል

የበሬ ሥጋን ስለ መብላት የሚነሣው ክርክር የሀብታም አገሮች ጣጣ እንጂ የኢትዮጵያውያን ጉዳይ አይደለም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነው፦ እኛ የምንበላው ጥቂት ነው፤ ከብቶቻችን ሣር የሚበሉ ንጹሕ ከብቶች ናቸው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ያስጠነቀቀው ስለ ቋሊማ እንጂ ስለ ትኩስ ሥጋ አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ ለዘመናት በልተን አልጠፋንም፤ እንስሳውን ባርከን እናርዳለን፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል እንጾማለን። ስለዚህ ስብከቱን ለቴክሳስ ንገሩ ይላሉ።

ጽሑፉ ባማረ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ከዚህ ወገን ከሚቀርቡት ሁሉ የተሻለ በመሆኑም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ከመጀመሬ በፊት ግን አቋሜ ይታወቅልኝ። እኔም ሥጋ በላ ነኝ፤ ክትፎ ሲቀርብ ፊቴን አላዞርም። ሥጋ ከምድረ ኢትዮጵያ ይጥፋ የሚል ክርክርም የለኝም። የምለው ሌላ ነው፦ የበሬ ሥጋ ዕዳ በእኛም አገር አለ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን በአብዛኛው የበላው ሰው አይደለም።

«የምንበላው ጥቂት ነው» ከሚለው ልጀምር። ቁጥሩ እውነት ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት የሥጋ ድርሻ የበሬው፣ የበጉ፣ የፍየሉና የዶሮው ተደምሮ በአማካይ ከ10 ኪሎ በታች ነው፤ የአንድ አሜሪካዊ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ነገር ግን ይህ አማካይ የተገኘው ከአንዱ ፋሲካ እስከ ሌላው ፋሲካ ሥጋ በዓይኑ የማያይ ገበሬና በየሳምንቱ ሥጋ ቤት ጎራ ብሎ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ የሚያዝዝ ከተሜ ተደምረው ነው። ጥቂት የሚበላው ገበሬው ነው። ጽሑፉን የጻፉትና የሚያነቡት ደግሞ ከተሜዎቹ ናቸው። የገበሬው ማጣት ለከተሜው መብላት ጠበቃ ሆኖ ሊቆም አይገባውም።

ወደ አካባቢው ጉዳይ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ጸሐፊው የተሳሳቱት በዋናነት በዚህ ነውና።

እርሳቸው ሜቴን የተባለውን ጋዝ የአሜሪካ ማደለቢያዎች ኃጢአት አድርገው አቅርበውታል። በሬ ግን አሜሪካዊም ሆነ ቦረና የሚያመነዥክ እንስሳ ነው። በአራት በተከፈለው ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የበላውን ሣር ሲያብላሉ ሜቴን ይፈጠራል፤ እንስሳው ሲያገሳ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ሜቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ኃይለኛ ነው፤ በአየር ላይ የሚቆየው ግን ወደ 12 ዓመት ብቻ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምት የእንስሳት ሀብት ዘርፍ የሰው ልጅ ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶውን ይይዛል፤ ከዚህም ውስጥ ወደ 65 በመቶ የሚሆነው የቀንድ ከብት ድርሻ ነው። ድርጅቱ በ2023 አዲስ ስሌት አውጥቶ የዘርፉን ድርሻ ወደ 12 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ቁጥሩ ይጋነናል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያነሡ እቀበላለሁ፤ ግን 12 በመቶም ቢሆን ቀላል አይደለም።

አሁን ጸሐፊው ያላዩት ነገር ይመጣል። «ተፈጥሯዊ» አኗኗር ያለው ከብት አነስተኛ ጋዝ ይለቃል ብለው ገምተዋል። በኪሎ ሥጋ ሲሰላ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአሜሪካው ወይፈን እህል እየበላ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለቄራ ይደርሳል። የእኛ በሬ ጭድና ገለባ እየበላ፣ በበጋ እየከሳ፣ በክረምት እያገገመ ለእርድ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ያልፋል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲያገሳ ይኖራል። መኖው ሻካራ በሆነ መጠን ደግሞ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚወጣው ሜቴን ይጨምራል። ስለዚህም ነው ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ የሚለቁት ጋዝ በዓለም ካሉት ከፍተኛ ቁጥሮች መካከል የሚቆጠረው።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁንና፣ እርሳቸው ያላነሡትን የመከላከያ ነጥብ እኔ ላንሣላቸው። የኢትዮጵያ በሬ ሥጋ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ይወቃል፣ ኩበቱ ይነድዳል፣ ፍጉ ማሳ ያዳብራል። ብዙ ዓመት አርሶ የደከመ በሬ ሲታረድ የሜቴኑን ዕዳ በሙሉ በሥጋው ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም፤ ከፊሉ የጤፉና የስንዴው ዕዳ ነው። የሐረርጌ ገበሬም ወይፈኑን ጥቂት ዓመት ካረሰበት በኋላ ደጁ ላይ አስሮ፣ ከማሳው የሚነቅለውን የማሽላ ቡቃያና ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል፤ የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው በዚህ ነው። ጥበብ ነው፤ አልክድም። ይሁን እንጂ ይህ መከላከያ የሚሠራው ከብቱ ለሥራ ሲያዝ ነው። የከተማው የሥጋ ፍላጎት ሲያድግና ለእርድ ብቻ የሚያዘው ከብት ሲበዛ መከላከያው ይሳሳል።

ይህ የውጭ ሰዎች ስብከት ነው እንዳይባል ደግሞ የራሳችን መንግሥት ያወጣውን ሰነድ መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ኢትዮጵያ በ2010 የለቀቀችውን ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል አድርጎ ገምቶት ነበር። ከዚያ ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ፣ ማለትም 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ፣ ከእንስሳት የመጣ ነው። መኪናም ፋብሪካም ይህን ያህል አይደርሱም። በዚያን ጊዜ 50 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የቀንድ ከብት ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 70 ሚሊዮን ተጠግቷል፤ ከአፍሪካ አንደኛ ነን። ሰነዱ ካቀረባቸው መፍትሔዎች አንዱ ሕዝቡ ከበሬ ሥጋ ወደ ዶሮ እንዲያዘነብል ማበረታታት ነበር። «ፈረንጅ ሥጋችንን ሊከለክለን ነው» ለሚሉት ጸሐፊ ይህ ሐሳብ በአዲስ አበባ ታትሞ መውጣቱን ማስታወስ ይበቃል።

በእርግጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም አጠቃላይ ልቀት አንድ በመቶም አይሞላም። ይህ ሐቅ ከባዱን ዕዳ የሀብታሞቹ ያደርገዋል፤ እኔም በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን እርሳቸው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ አይመለከተንም» ይላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በቦረና በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አልቋል። ድርቁን ያጠኑ ሳይንቲስቶች በ2023 እንደገለጹት፣ በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በሰው ሠራሽ የአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ቢያንስ በ100 እጥፍ ጨምሯል። ሜቴን ዕድሜው አጭር ስለሆነ፣ ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱ ፈጥኖ የሚታይ ጋዝ ነው። ከዚህ ቅነሳ ቀድሞ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ የቦረናን አርብቶ አደር መጠየቅ ነው።

«ከብቶቻችን ሣር ብቻ የሚበሉ ንጹሕ ናቸው» የሚለው ደግሞ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚሰቀል ማስታወቂያ ይመስላል። በአዳማና በቢሾፍቱ ዙሪያ የሚደልበው ሰንጋ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ሞላሰስና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ይመገባል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ፋብሪካ የሚጥለውን ወደ ሥጋ መለወጥ ብልህነት ነው። ሆርሞን አንሰጥም የሚሉትም በመሠረቱ ትክክል ነው። መድኃኒቱስ? ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በየገጠር ገበያው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ መርፌውን የወጋውም ገዢ ሲመጣ መድኃኒቱ ከከብቱ ሰውነት እስኪወጣ ሳይጠብቅ ይሸጣል። በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱና በአዳማ ቄራዎች ከታረዱ ከብቶች በተወሰደ ናሙና ላይ በተደረገ ጥናት የዚህ መድኃኒት ቅሪት ተገኝቷል። ሣሩም ቢሆን ነጻ አይደለም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚግጠው ከብት ቀይ ቀበሮው የሚኖርበትን ሜዳ እየራቆተው ነው፤ በደጋው አገር ደግሞ ፍጉ ወደ ማሳ መመለስ ሲገባው ኩበት ሆኖ ይነድዳል።

አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከ15 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ይፈጃል የሚለውን ቁጥር ጸሐፊው አጣጥለውታል። እዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ። ከዚያ ውኃ ከ90 በመቶ በላዩ በግጦሽና በመኖ ላይ የወረደ ዝናብ ነው፤ በቧንቧ እንደፈሰሰ አድርጎ ማስፈራሪያ ማድረግ ሐቀኝነት ይጎድለዋል።

ወደ ጤና ስንመጣ «ያስጠነቀቁት ስለ ቋሊማ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሥር አገሮች 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ነበር። እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ከተተው፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ እንደሚጨምርም ገለጸ። ቀይ ሥጋ ግን አልተዘለለም፤ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚባለው ቀጣይ ምድብ ገብቷል። ምድቦቹ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን እንደማይለኩ ለማስታወስ እወዳለሁ፤ በዓመት ጥቂት ኪሎ የሚበላ ሰው በዚህ እንቅልፍ ማጣት የለበትም። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው የሳምንት ጣሪያ የበሰለ ሲሆን ከ350 እስከ 500 ግራም ነው። በአንድ መቀመጫ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ የሚያነሣ ሰው፣ የጥሬው ክብደት ወደ በሰለ ቢሰላ እንኳ፣ የሳምንቱን ድርሻ አጠገብ ደርሷል። ሪህ ያለበት ሰው ደግሞ የበዓል ማግስት ጣቱ የሚነግረውን ከእኔ በተሻለ ያውቃል።

ጥሬ ሥጋን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ዋናውን ነገር ሳይነኩ አልፈዋል። «አያቶቻችን በልተው ኖረዋል፤ ኮሶ ቢይዝም መድኃኒቱ በእጃችን ነው» ይላሉ። ታሪኩ እውነት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደርን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጥሬ ሥጋ መብላታችንንም ኮሶ መጠጣታችንንም ጽፎ አልፏል። ልብ ይበሉ፤ በየጊዜው ኮሶ መጠጣት የቤተሰብ ልማድ የሆነው ትሉ የቤተሰብ እንግዳ ስለነበር ነው። ይህ ደኅና ለመኖራችን ማስረጃ አይሆንም። የኮሶ አበባ ብርቱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ሰውን ይጎዳል፤ ዛፉም በየደጋው ለጣውላ እየተቆረጠ ተመናምኗል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሰው ሁሉ በበሬው የሚያሳብበው መሆኑ ነው። የበሬ ኮሶ ትል ለአቅመ መራባት የሚደርሰው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ሰው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ወይም ፍሳሹ ወደ ግጦሽ ከደረሰ በሬው ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ከዚያም በጡንቻው ውስጥ ተቋጥሮ የሚቀጥለውን ቁርጥ በላተኛ ይጠብቃል። በሬውን የበከልነው እኛ ነን። ጸሐፊው «መድኃኒቱን ውጦ መገላገል» የሚሉት አንዱን ሰው ያድናል፤ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ሰፈር ግን ዑደቱን አይቆርጠውም።

«ሥጋው ተመርምሮ ነው የሚወጣው» የሚለውም ሊመረመር ይገባል። የቄራ መርማሪ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን እየሰነጠቀ ያያል፤ የታወቀ አሠራር ነው። ቋጠሮው ጥቂት ሲሆን ግን በቀላሉ ያመልጠዋል፤ ሙሉውን በሬ መተልተል አይችልምና። ይህም ቄራ ለገባው በሬ ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀልና በፋሲካ በየግቢው ለቅርጫ የሚታረደው በሬ የሚመረመረው በማን ነው? ሻኛውና ዳቢቱ በመደብ ሲከፋፈል የሚታየው የድርሻው እኩልነት ነው። በገጠር ደግሞ የታመመ ከብት ሳይሞት ይታረዳል፤ ኪሳራ ላለመሸከም ሲባል። በአባ ሰንጋ ሞተው የሚቀበሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥጋ ያረዱ፣ የገፈፉ ወይም የበሉ ናቸው፤ ተሕዋስያኑም ከብቱ በወደቀበት አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። የበሬ ኮሶ ትል እንደ አሳማው ትል አንጎል ውስጥ አይቋጠርም፤ ሰውንም እምብዛም አይገድልም። እስከ ውስጡ በሚገባ የበሰለ ሥጋም ትሉን አያስተላልፍም። ክትፎ ለብ ለብ ማለቱ ግን አይበቃም፤ ለብ ያለው ለሆድ እንጂ ለትሉ አይደለም።

ስለ እንስሳው ሥቃይ ጸሐፊው የሰጡት መልስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ባርከን እናርዳለን፤ የፋብሪካ እርባታ የለንም። የመጀመሪያውን አከብራለሁ። ክርስቲያኑ በስመ አብ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ቢላ ሲያነሣ ሕይወት እየወሰደ መሆኑን እየመሰከረ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሚሸጥ ሥጋ ይህ ይበልጣል። ግን ቡራኬው የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው የሚሸፍነው። ከዚያ በፊት በሬው ከሩቅ አገር በአይሱዙ ተጭኖ፣ ቀንዱ ከቀንድ እየተጋጨ፣ ውኃ ሳይቀምስ፣ የወደቀው በጓደኞቹ እየተረገጠ መጥቷል። እንዲወርድ ጅራቱ ይጠመዘዛል። በብዙ ማረጃ ቦታ ደግሞ ማጅራቱ በጩቤ ይወጋና ኅብለ ሰረሰሩ ተቆርጦ ይወድቃል። ሲያዩት ፈጣን ይመስላል። እንስሳው ግን ይሽመደመዳል እንጂ ራሱን አይስትም፤ ጉሮሮው ሲቆረጥ ሕመሙ ሊሰማው ይችላል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ ይህን አሠራር አይቀበልም። ይህን ለማስቀረት የአሜሪካ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በጭነት ጊዜ የሚጠጣ ውኃ፣ ተንሸራታች ያልሆነ መውረጃና የሠለጠነ አራጅ ይበቃል። የፋብሪካ እርባታ አለመኖሩም ቢሆን ስለ ድህነታችን እንጂ ስለ ርኅራኄአችን የሚናገረው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ የገንዘብ አቅሙ የመጣ ዕለት የሚሆነውን በዶሮ እርባታ ጀምረን እያየነው ነው።

ጾሙስ? ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሃምሳ አምስቱ ቀን የዐቢይ ጾም፣ ሌላውም ሲደመር ምእመኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ ይርቃል። ጸሐፊው ይህን እንደ ምስክር አቅርበውታል፤ ምስክሩ ግን የሚመሰክረው በእርሳቸው ላይ ነው። ከሽሮና ከምስር፣ ከክክና ከሱፍ ፍትፍት ጋር ግማሽ ዓመት የሚኖር ሕዝብ ያለ በሬ ሥጋ መኖር አይችልም ብሎ መከራከር ከባድ ነው። በዚያ ላይ ፍስኩ ሲገባ ቄራው በአንድ ሌሊት የሚጨናነቀው በዚያው ጾም ምክንያት ነው፤ በጥድፊያ የሚካሄድ እርድና ምርመራ ደግሞ ከላይ ያነሣሁትን ሁሉ ያባብሳል።

ሌላው ነጥባቸው ከሁሉም የሚከብድ ነው፦ ለተራበ ሕዝብ ሥጋ አትብላ ማለት ግፍ ነው። ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለእነዚህ ሕፃናት ጥቂት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት መድኃኒት ነው፤ ቫይታሚን ቢ 12ን ከሽሮ ማግኘት አይቻልም፤ በቂ ብረትም ከሽሮ ብቻ በቀላሉ አይገኝም። ማንም ከእነርሱ አፍ ሥጋ እንዲነጥቅ አልጠየቅሁም። ነገር ግን የከተማው ሥጋ ቤት ውስጥ የሚቆረጠው ግማሽ ኪሎ ወደ ቀነጨረው ሕፃን አይሄድም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንኳ ሲነሣ ጎልተው የሚሰሙት ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ናቸው፤ ለሕፃን በርካሽ የሚደርሰው እርሱ ነውና። የአገር ውስጥ ዝርያ ላማችን በቀን በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ወተት ነው የምትሰጠው፤ መኖዋና ጤንነቷ ቢሻሻል ያው ሜቴን ብዙ ወተት ይወጣበታል።

ሥጋ መብላት ከቀነስን አርብቶ አደሩ ይጎዳል ማለታቸውም አሳስቦኛል። ከብት ለቦረናው ባንክ ነው፤ በድርቅ ግን ባንኩ ከነተቀማጩ ይሞታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና የተሞከረው፣ የግጦሹ አረንጓዴነት በሳተላይት ታይቶ ካሳ የሚከፈልበት የእንስሳት መድን፣ ከብቱ ሳይከሳ የሚሸጥበት ገበያ፣ ለክፉ ቀን የሚከማች መኖ፦ አርብቶ አደሩን ያነሰ ግን የተሻለ ከብት ይዞ እንዲኖር የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። እኔና ጸሐፊው ለቁርጥ የምንከፍለው ገንዘብ ከደላላውና ከሉካንዳው ተርፎ የቦረናዋ ያቤሎ ከተማ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። ለአርብቶ አደሩ የሚቆረቆሩ ከሆነ ቀጣዩ ጽሑፋቸው ስለ መድኑና ስለ መኖው ይሁን፤ ያኔ ለመከራከር ሳይሆን ለመማር አነብላቸዋለሁ።